የሸክላ ሙዚቃን ወደ ዲጂታል ስናሸጋግር፦ የቀረፃ መጠን እንዴትና ለምን ይወሰናል?



የዛሬው ርዕሴ ጠባብ መሆኑን ከመነሻው ልናገር። ስለ ሀገራችን የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ በሰፊው ለመተረክ አልመጣሁም፤ ያንን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። የምናገረው ስለ አንዲት ማዞሪያ ነው። ሸክላ ማጫወቻን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው መሣሪያ ፊት ላይ የምትገኝ፣ ወደ ቀኝ ስትዞር የሚቀረፀውን ድምፅ የምታሳድግ፣ ወደ ግራ ስትዞር የምታሳንስ ማዞሪያ ናት። ይህች ማዞሪያ የት ላይ ትቁም? በምን ምክንያት? አንድ ጊዜ ከቆመች በኋላስ ማን ይንካት? የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው።

አብዛኛው ሰው ጥያቄውን ለቴክኒሻን ይተወዋል። እኔ ግን የምርምር ዘዴ ጥያቄ ነው ብዬ እሟገታለሁ። አንድ ተመራማሪ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ሲያነሳ ኅዳጉን ቆርጦ ቢያስቀር፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ማስታወሻ ከፎቶግራፉ ማንም ሊያነበው አይችልም። ፎቶግራፉ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ያው ነው። ድምፅም እንዲሁ ኅዳግ አለው፤ ያንን ኅዳግ የምታስቀረው ወይም የምትቆርጠው ይህችው ማዞሪያ ናት።

ጉዳዩ ለእኛ ለምን እንደሚከብድ ባጭሩ ላስታውስ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ለአድማጭ አቀረቡ። ካይፋ ሪከርድስና ሌሎችም በዚያው ዘመን ሠርተዋል። ከዚያም ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን አበቃ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትም የተወሰነውን ክፍል ለዓለም አሰምቷል። የቀረው ግን በየግለሰቡ ቤት፣ በካርቶንና በሳጥን ውስጥ፣ አንዳንዱም ያለ ሽፋኑ ተቀምጧል። ዋናው ቴፕ በእጃችን ለሌለን ዘፈን ሸክላው ቅጂ ብቻ አይደለም፤ ለእኛ ዋናው ሰነድ እርሱ ነው። ይህ ሰነድ ደግሞ በተነበበ ቁጥር ያልቃል፤ መርፌው በቦዩ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ግድግዳውን በጥቂቱ ይፍቃል። ስለዚህ «ካልተሳካ እንደግመዋለን» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ቤት አይሠራም።

አሁን ወደ ማዞሪያዋ ልመለስ። በዲጂታል ቀረፃ ውስጥ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ተብሎ ይጠራል፤ ማንኛውም ድምፅ ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ይገለጻል። በ16 ቢት አሠራር አንድ ናሙና ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ከሸክላው የመጣው ሲግናል 40,000 ሊሆን የሚገባው ቢሆን እንኳ መሣሪያው 32,767 ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ 45,000 ቢመጣ አሁንም 32,767 ነው። በሞገዱ ሥዕል ላይ ስታዩት ተራራው ጫፉ ተቆርጦ አምባ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ክሊፒንግ ይሉታል። ጆሯችን የሚሰማው ደግሞ የጎደለውን ብቻ አይደለም፤ መቆረጡ ራሱ በሸክላው ላይ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆችን ይፈጥራል። ጥሩምባው ይሻክራል፣ የዘፋኙ ከፍተኛ ድምፅ አሸዋ የገባበት ይመስላል። የተቆረጠውን ጫፍ በግምት የሚሞሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚሞሉት ግን በግምት ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በተቃራኒው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀረፀ ሰው ምን ያጣል? እዚህ ላይ ነው የቆየ ልማድ የሚያሳስተን። የቴፕ ዘመን ባለሙያዎች መለኪያውን በተቻለ መጠን ወደ ላይ መግፋትን ተምረዋል፤ ትክክልም ነበሩ። ቴፕ የራሱ የሆነ ሽው የሚል ድምፅ አለው፤ ሙዚቃው ዝቅ ካለ በዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ከልክ በላይ ከፍ ቢልም ቴፕ በድንገት አይቆርጥም፤ ቀስ በቀስ ይጨፈልቃል እንጂ። የዘመኑ መርፌ ያለው መለኪያም ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ እየወሰደ አማካዩን የሚያሳይ እንጂ ቅጽበታዊውን ጫፍ የሚያሳይ አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ያደገ እጅ ዲጂታል መለኪያ ሲያይ በደመ ነፍስ ወደ ጣሪያው ይገፋል። ሁለቱ ሥርዓቶች ግን አንድ አይደሉም።

ቁጥሩን አብረን እንመልከተው። በዲጂታል ቀረፃ እያንዳንዱ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል የሚጠጋ ስፋት ይሰጣል። 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ 96፣ 24 ቢት ደግሞ 144 ዴሲቤል ይሆናል። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ሸክላ፣ ከራሱ የመንጣጣትና የመፋቅ ድምፅ እስከ ከፍተኛው ሙዚቃ ድረስ ያለው ስፋት ከ55 እስከ 70 ዴሲቤል ቢደርስ ነው። አሁን አንድ ሰው የሙዚቃው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ አድርጎ በ24 ቢት ቀረፀ እንበል። የተወው 2 ቢት ነው፤ 22 ቢት ቀረለት፤ ይህም 132 ዴሲቤል ነው። እውነተኛ መሣሪያዎች የራሳቸው ድምፅ ስላላቸው በተግባር ይህን ያህል አይሰጡም፤ ሆኖም ጥሩ መሣሪያ ከ110 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል። ሸክላው ከሚፈልገው በብዙ ይበልጣል። በ16 ቢት ብንቀርፅ እንኳ 84 ዴሲቤል ይተርፈን ነበር። እንግዲህ 12 ዴሲቤል ክፍት ቦታ መተው ከሙዚቃው ምንም አይቀንስም፤ ወለሉ ከሸክላው ወለል እጅግ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጣሪያውን መንካት ግን ያጎድላል። አንዱ ስሕተት የሚታረም፣ ሌላኛው የማይታረም ከሆነ፣ ወደየትኛው ማዘንበል እንዳለብን ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዚህ ዓይነት ሥራ 24 ቢት፣ ቢያንስም 48 ኪሎ ኸርትዝ ይመክራል፤ ብዙ ተቋማት 96 ይጠቀማሉ። በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርትዝ አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 35 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። የ5 ደቂቃ ዘፈን 175 ሜጋ ባይት አይሞላም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ጥራት መቀነስ ድሮ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ የለውም።

አሁን አንድ ከክፍል የተገኘ ምሳሌ ላቅርብ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አያቱ ቤት ከተገኙ ሸክላዎች የቀረፀውን ፋይል ይዞልኝ መጣ። «መምህር፣ መለኪያው አንድም ጊዜ ቀይ አልነካም፤ ድምፁ ግን ይሻክራል። ሸክላው ያረጀ ይሆን?» አለኝ። ፋይሉን ከፍተን ሞገዱን አጎላነው። እውነትም ጫፎቹ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም እዚያው ከፍታ ላይ፣ በማስመሪያ እንደተሰመረ ተስተካክለው ተቆርጠዋል። ያልተቆረጠ ሙዚቃ እንዲህ አይመስልም፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይለያል። የተጠቀመበት ማጫወቻ በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒውተር የሚገናኝ ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ማጉያውም፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍልም ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ናቸው። ተማሪው መጠኑን የቀነሰው በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የሚሠራው ድምፁ ወደ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ ነው። በር ላይ የተቆረጠውን እቃ ቤት ካስገባን በኋላ ብናሳንሰው ትንሽ የተቆረጠ እቃ ይሆናል እንጂ ሙሉ አይሆንም።

ከዚህ የምንይዘው የምርመራ ዘዴ አለ። የፕሮግራሙን መቆጣጠሪያ በግማሽ ዝቅ አድርጉና ጥቂት ሰከንድ ቅረፁ። የተቆረጠው መስመር አብሮ ዝቅ ካለ፣ ጉዳቱ የደረሰው ከፕሮግራሙ በፊት ነው። መፍትሔውም ከፊት መፈለግ አለበት። አንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ሥራቸው ላይ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ማስተካከያ አላቸው። ከሌለ ግን ዩኤስቢውን ትቶ በአር.ሲ.ኤ. ገመድ ወጥቶ፣ የራሱ የመግቢያ ማዞሪያ ወዳለው የተለየ መሣሪያ መግባት ይሻላል። ማዞሪያዋ ሥልጣን የሚኖራት ከመቀየሩ በፊት ስትቆም ብቻ ነው።

ከመርፌው እስከዚያች ማዞሪያ ድረስ ያለውን መንገድም ማወቅ ያስፈልጋል። የተለመደው ባለ ማግኔት ካርትሪጅ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የፎኖ ማጉያ የግድ ይላል። ማጉያው ሌላም ሥራ አለው። ሸክላ ሲቀረፅ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው የሚቀረፀው፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ቦዩን አስፍቶ ቦታ ይጨርሳል፣ ቀጭኑም በመፋቅ ድምፅ ውስጥ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ የአር.አይ.ኤ.ኤ. መስፈርት የሚባለው ይህን መጠን ወስኖታል። የፎኖ ማጉያው በተቃራኒው ወፍራሙን በ20 ኸርትዝ አካባቢ ወደ 20 ዴሲቤል በሚጠጋ መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ቀጭኑን ደግሞ ወደ 20 ሺህ ኸርትዝ ሲቃረብ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ማጫወቻው የራሱ የፎኖ ማጉያ እያለው፣ በውጭ ደግሞ ሌላ የፎኖ መግቢያ ላይ የሚሰኩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለት ጊዜ ተጎልቶ፣ ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ የሚመጣው ድምፅ ያበጠና የታፈነ ነው፤ ማዞሪያዋን የቱንም ያህል ብታሳንሱት አይድንም። የማጫወቻውን ጀርባ እዩ፤ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ አለ። አንዱን ብቻ ምረጡ።

ይህ ሁሉ ስለ ፕላስቲኩ ሸክላ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረውና ተሰባሪ ለሆነው ለቀድሞው ሸክላ፣ ለምሳሌ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ሀገር ላስቀረፁት ዓይነት፣ መርፌውም ወፍራም፣ ማስተካከያውም ሌላ ነው። «ሸክላ» የሚለው ስም ከዚያ ተሰባሪ ዕቃ የተወረሰ ይመስለኛል። እርሱ የራሱ ንግግር ይገባዋል።

ታዲያ ጫፉን ስንለካ የትኛውን ጫፍ ነው የምንለካው? መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ድንጋጤ ከሙዚቃው ሊበልጥ ይችላል፤ በእርሱ አትወስኑ። የአቧራና የጭረት ጠቅታ ግን ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። ጠቅታው ሙዚቃ አይደለምና ቢቆረጥ ምን ይጎዳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በኋላ ጠቅታን የሚያጸዱ ፕሮግራሞች ጠቅታውን የሚለዩት በሹልነቱ ነው፤ አናቱ የተቆረጠ ጠቅታ ደግሞ ሹልነቱን አጥቶ የከበሮ ምት መምሰል ይጀምራል። በዚህም ላይ ከጠቅታው ጋር የተዳበለው ሙዚቃ አብሮ ይቆረጣል። ስለሆነም በመጀመሪያ ሸክላውን በአግባቡ አጽዱ፤ ብዙው ጠቅታ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሙዚቃው ጫፍ ከዜሮ በታች በ10 እና በ12 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ አድርጉ። ለቀሪው ጠቅታ ቦታ ይኖረዋል።

«ነገር ግን ከፍተኛውን ቦታ ለማወቅ ሸክላውን አስቀድሜ ማጫወት አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ያስፈገዋል» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። መፍትሔው ብርቁን ሸክላ መለኪያ አለማድረግ ነው። ለዚሁ የተሠራ የሙከራ ሸክላ አለ፤ በላዩ ላይ 1,000 ኸርትዝ የሆነ ድምፅ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመርፌ ፍጥነት ተቀርጿል። ይህን አጫውቱና መለኪያው ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል እንዲያሳይ ማዞሪያዋን አስተካክሉ። 20 ዴሲቤል ማለት 10 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያውን የሚነካው በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር የሚንቀሳቀስ መርፌ ብቻ ይሆናል። ሙዚቃ በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ከመነሻው 14 ዴሲቤል ከፍ ብሎ፣ ከዜሮ በታች 6 ላይ ያርፋል፤ ገና ቦታ አለ። የሙከራ ሸክላ ማግኘት ያልቻለ ሰው፣ በብዛት ከሚገኙት ሸክላዎች መካከል ድምፁ ከፍ ያለውን አንዱን መርጦ በእርሱ ያስተካክል። ከዚያ በኋላ ማዞሪያዋን በፕላስተር አሽጓት። በቀልድ አይደለም የምናገረው፤ በቢሯችን ያለችው ማዞሪያ ፕላስተር ተለጥፎባታል።

ለምን ትታሸግ? ወደ ዋናው ነጥቤ የምደርሰው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻው አስተካክለው፣ ሁሉም እኩል ከፍታ እንዲኖረው አድርገው ይቀርፃሉ። ለአድማጭ ጥሩ ነው፤ ለመዝገብ ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ድምፁ ከፍ ያለ ሙዚቃ በሸክላ ላይ ሰፋ ያለ ቦይ ይፈልጋል። ዘፈኑ ረጅም ከሆነ ቦዮቹ ተጠጋግተው መቀመጥ ስላለባቸው መሐንዲሱ መጠኑን ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል። እንግዲህ አንድ ነጠላ ሸክላ አንደኛው ገጹ ከሁለተኛው 4 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ይህ ልዩነት ስለ ዘፈኑ ርዝመት፣ ስለ ቀራጩ ውሳኔ፣ ምናልባትም የትኛው ገጽ እንዲሸጥ እንደታሰበ የሚናገረው ነገር አለው። የተለያዩ አሳታሚዎችን ሥራ፣ የአንዱን አሳታሚ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመታት ማነጻጸር የሚቻለው ሁሉም በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ ብቻ ነው። ሚዛኑን በየዕቃው የሚቀያይር ነጋዴ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ።

በዚሁ ምክንያት መጠንን በራሱ የሚያስተካክል ማንኛውም አሠራር ከቀረፃው በፊት መጥፋት አለበት። የኮምፒውተሩ ሥርዓት ሳታዙት ከበስተጀርባ ሊያበራው ይችላልና ፈትሹ። ቀረፃው ካለቀ በኋላም ዋናውን ፋይል አትንኩ። ለአድማጭ የሚሰጠውን ግልባጭ ለይታችሁ ከፍ አድርጉት፣ ጠቅታውን አጽዱት፤ እዚያ ላይ ነፃነት አላችሁ።

የግራና የቀኝ ጉዳይም አለ። የዚያ ዘመን ብዙ ነጠላ ሸክላዎች ሞኖ ናቸው፤ ሆኖም በስቴሪዮ ካርትሪጅ ሁለቱንም ግድግዳ ለየብቻ ቅረፁ። አንደኛው ግድግዳ ከሌላው ያነሰ የተፋቀ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የተሻለውን መምረጥ ይቻላል፤ ከተደባለቁ ግን አይለያዩም። ሞኖ ሸክላ ሲጫወት በግራና በቀኝ መለኪያ መካከል የማይለወጥ ልዩነት ካያችሁ ደግሞ፣ የካርትሪጁን አቀማመጥ መርምሩ።

መርፌው ተነስቶ ሳለም መለኪያውን እዩ። ሸክላ ሳይነካ ከዜሮ በታች 60 ዴሲቤልን የሚያልፍ ነገር ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመብራት መስመራችን የ50 ኸርትዝ እም የሚል ድምፅ ነው፤ ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከማጉያው ጋር አገናኙ። ሞባይላችሁን ከጠረጴዛው አርቁ። ስትቀርፁ በስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ አዳምጡ፤ የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው አልፎ መልሶ መርፌው ውስጥ ይገባል።

ለመጨረሻ ያቆየሁት በዚህ ዓመት ተማሪዎች ደጋግመው የጠየቁኝን ነው፦ «ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ መቅረጫ ወጥቷል፤ ታዲያ መጠን መወሰን ለምን ያስፈልጋል?» መሣሪያው ጥሩ ነው። የፋይሉን ጣሪያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለው የፎኖ ማጉያ አሁንም የራሱ ጣሪያ አለው፤ እርሱ ከቆረጠ የተቆረጠውን በታማኝነት ነው የምትቀርፁት። የጋራ ሚዛን ጥያቄም ባለበት ይቆያል፤ በየትኛው መነሻ እንደቀረፃችሁ ካልጻፋችሁ በሁለት ሸክላዎች መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የካርትሪጁን ስምና የመርፌውን ክብደት፣ የማጉያውንና የቀያሪውን ዓይነት፣ የሙከራው ድምፅ በመለኪያው ላይ ያረፈበትን ቁጥር፣ ቀኑንና የቀራጩን ስም አስፍሩ። የምንጠቀምበትን ቅጽ አባዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ። የሙከራ ሸክላውና ማጫወቻው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ እጃችሁን ሞክሩባቸው፤ ጥያቄዎቻችሁንም እዚያው እየሠራን እቀበላለሁ።